በባልዲ ውስጥ ያሰርኋት ትንሽ ዓሣ

ይህ ነገር በየትኛው ዓመት እንደሆነ በትክክል አላስታውስም። ከወረርሽኙ በኋላ መሆኑን አውቃለሁ። ቀኝ ጉልበቴን ከመታከሜ በፊት መሆኑንም አውቃለሁ፤ ያን ጊዜ ገና ደረጃ ሳላነክስ እወጣ ነበር። ልጆቼን ብጠይቃቸው አንዱ አንድ ዓመት ይጠራል፣ ሌላዋ ሌላ ትጠራለች፣ ከዚያ እርስ በርስ ይከራከራሉ። ወሩን ግን አልረሳሁትም። ሱኮት፣ የዳስ በዓል፣ አልፎ ለስግድ፣ ከአገር ቤት ለመጣን አይሁዶች በዓል፣ ሦስት ሳምንት ያህል የቀረው ጊዜ ነው። በጋውን ሙሉ ተኝቶ የከረመው ባሕር መነሣት የሚጀምርበት፣ ከአውቶቡስ ስወርድ ነፋሱ ቆቤን ሊወስድ የሚታገለኝ ወቅት ነበር።

ያን ጊዜ ኔታንያ ውስጥ ራማት ፖሌግ በሚባል ሰፈር ባንዲት ሴትዮ ቤት እሠራ ነበር። ሥራዬ ኒካዮን ነው፤ ጽዳት። ወደዚህ አገር ከመጣሁ ወዲህ ያልጠረግሁት የለም፤ ትምህርት ቤት ጠርጌአለሁ፣ ፋብሪካ ጠርጌአለሁ፣ የሐኪም ቤት ኮሪደር ጠርጌአለሁ። ጡረታ ስወጣ እጄ ሥራ ለምዶ አላስቀምጥ አለኝ። ስለዚህ በሳምንት ሦስት ቀን እሳቸው ቤት እሄድ ነበር። በዕብራይስጥ አንቱ የሚባል ነገር የለም፤ ትንሹም ትልቁም አንተ ነው። እኔ ግን በልቤ ሴትዮዋን አንቱ ነበር የምላቸው፤ እዚህም እንደዚያው እጽፋለሁ።

ባላቸው ከሞቱ ጥቂት ዓመት ሆኗቸው ነበር። በሳሎኑ ግድግዳ በኩል ከእኔ ቁመት የሚረዝም የመስታወት ገንዳ አለ፤ አክቫሪዩም ይሉታል። ውሃው ጨው ያለው የባሕር ውሃ ነው፤ ውስጡ ድንጋይ ተከምሮበታል፣ በድንጋዩ መካከል ዓሦች ይመላለሳሉ። ዓሦቹን ያሳደጓቸው ባላቸው ነበሩ። ከሁሉም የሚበልጠው፣ ሁለት መዳፍ ቢጋጠም የሚያህል፣ ቢጫ፣ ጠርዙ ዙሪያውን ሰማያዊ የሆነ ጠፍጣፋ ዓሣ ነበር። ሰውዬው በመጨረሻው ሕመማቸው አልጋቸውን ወደ ሳሎን አስወጥተው፣ ዓይናቸው በዚያ ዓሣ ላይ እንዳለ ነው ያረፉት ብለው ሴትዮዋ ነግረውኛል።

ታዲያ የሴትዮዋ ልጅ ባሕር ማዶ ወለደች፤ እሳቸውም አራስ ሊጠይቁ ለሁለት ሳምንት ሊሄዱ ሆነ። በየቀኑ እየመጣሁ ዓሦቹን እንዳበላ ለመኑኝ። ምግቡን ስንት ቁንጥር እንደምሰጥ በጣታቸው አሳዩኝ። ከዚያ እጃቸውን መስታወቱ ላይ አድርገው፣

«ሌላው እንደሆነው ይሁን። ተክሉ ቢደርቅ ሌላ እተክላለሁ። ይህን ትልቁን ግን እስክመለስ በሕይወት አቆይልኝ። ባሌ በእጁ ካበላቸው ውስጥ የቀረኝ ይህ ብቻ ነው» አሉኝ።

«በሴደር» አልሁ። እሺ ማለቴ ነው። ቀላል ነገር መስሎኝ ነበር።

እሑድ ሄዱ። እስከዚያ ቀን ድረስ መስታወቱን ከውጭ መወልወል እንጂ ውስጡን ልብ ብዬ አይቼው አላውቅም። አሁን ቤቱ ባዶ ነው፤ የሚያቆሽሽ ሰው የለ፣ የሚጠረግ ነገር የለ። ዓሦቹን አበላሁና ወንበር ስቤ ተቀመጥሁ።

ትንሿን ያን ጊዜ ነው ያየኋት። የእጄን ትንሽ ጣት የምታህል፣ ቀጭን፣ ሰማያዊ፣ ከአፏ እስከ ጅራቷ በጎኗ ጥቁር መስመር የተሰመረባት ዓሣ ናት። እንደሌሎቹ ቀጥ ብላ አትዋኝም። ኋላዋን ከፍ ዝቅ እያደረገች፣ ሠርግ ቤት እንዳለች ልጃገረድ ትውረገረጋለች። መኖሪያዋ ከአንድ ሹል ድንጋይ ሥር ነው። ከዚያ እየወጣች ትልቁ ዓሣ ላይ ትሄዳለች፤ ሆዱን ትነካለች፣ ክንፉ ሥር ትገባለች፣ ከጉንጩ ሥር ትጠፋና በአፉ በኩል ትወጣለች። መጀመሪያ አፉ ውስጥ ስትገባ «በላት!» ብዬ ከወንበሬ ተነሥቻለሁ። እሷ ግን ከቤቷ እንደምትወጣ ሴት ዘና ብላ ወጣች። ብቻዬን ሳቅሁ። በማግስቱም መጥቼ ይህንኑ አየሁ።

ማክሰኞ ዕለት ግን ሌላ ነገር አየሁ። ትልቁ ዓሣ በግራ ጎኑ፣ ከክንፉ በታች፣ የጥፍር ያህል ቁስል ነበረው። ቅርፊቱ ተነሥቷል፣ ዳሩ ነጭ ሆኗል። ትንሿ መጣችና ያን ቁስል ዳር ዳሩን ትነቁረው ጀመር። አንድ ጊዜ ነቆረችው። ሁለት ጊዜ ነቆረችው። በሦስተኛው ትልቁ ዓሣ ብርግግ ብሎ ተናጠ። እሷም ትንሽ ሸሸት አለችና ተመልሳ መጣች።

 ይህን አውቀዋለሁ።

እኛ አገር፣ በወገራ በኩል፣ በከብት ጀርባ ላይ የምትሰፍር ምንቃሯ ቀይ የሆነ ወፍ አለች። ከላምና ከበሬ ላይ መዥገር ስትለቅም ስታዩዋት ደግ ትመስላለች። ገጣባ ያለው አህያ ካገኘች ግን መዥገሩን ትታ ቁስሉን ትቆፍራለች፤ ደሙን ትጠጣለች። አህያው ቢራገጥ፣ መሬት ላይ ቢንከባለል አትለቀውም። ስለዚህ የኛ ሰው አህያው ጀርባው ሲላጥ በጨርቅ ሸፍኖ ነው የሚያሰማራው። ያቺን ወፍ አይቶ ድንጋይ ሳያነሣ የሚያልፍም የለም።

ወደ ሱዳን ስንወጣ አንድ አህያ ነበረን። እናቴ እግሯ ያብጥ ነበርና መሄድ አትችልም፤ በዚያ አህያ ላይ አስቀመጥናት። ሁለት ስልቻ ዱቄትና የውሃ ቅልም አብሮ ተጫነ። የምንጓዘው ከመሸ ነው። ቀን ቀን ቁጥቋጦ ውስጥ ተሸሽገን እንውላለን። ወፎቹም የሚመጡት ቀን ነው። በአህያው ጀርባ ላይ ሦስትም አራትም ሆነው ይሰፍራሉ። መጮኽ አይቻልም፣ ድንጋይ መወርወር አይቻልም፤ ሽፍታ ይሰማናል። በእጄ ሳባርራቸው ዞር ይሉና ደክሞኝ ስቀመጥ ይመለሳሉ። ተቀምጬ ሲቆፍሩት አይ ነበር።

አህያው ድንበሩ ሳይደርስ ወደቀ። የቀረውን መንገድ እናቴ በእግሯ ሄደች፤ ግማሹን ደግሞ ተሸከምናት። የስደተኞች ካምፕ በገባን በሦስተኛው ሳምንት ዐረፈች። ከዚያ በኋላ እናትህን ምን ነካት ያለኝን ሁሉ «አህያችንን ወፎች ገደሉብን» ነው የምለው። ለልጆቼም ያልኋቸው ይህንኑ ነው።

እና ያን ማክሰኞ፣ በራማት ፖሌግ ሳሎን ውስጥ፣ መጮኽንም መወርወርንም የሚከለክለኝ አልነበረም። እጅጌዬን ሰበሰብሁና እጄን ውሃው ውስጥ አስገባሁ። አሳድጄ የምይዛት መስሎኝ ነበር። እሷ ግን አልሸሸችም። እየተውረገረገች ወደ እጄ መጣች። ጥፍሬ ዳር ከበረኪና ብዛት የተሰነጣጠቀውን ቆዳ ትለቅም ጀመር። ኩርኩር እንደማድረግ ነው፤ አያምም። በሌላው እጄ ከገንዳው ጎን የተሰቀለውን መረብ ከሥሯ አድርጌ አነሣኋት።

ልገድላት አላሰብሁም። ሴትዮዋ እስኪመጡ ከትልቁ ልለያት ብቻ ነው። ሳሙና ነክቶት የማያውቅ አዲስ ባልዲ ፈልጌ፣ ከገንዳው ውሃ ቀድቼ ውስጡ ለቀቅኋት። እንዳትዘልል ሳህን ከደንሁበት። ልብስ በሚታጠብበት በረንዳ ላይ፣ ፀሐይ በማያገኛት ጥግ አስቀመጥኋት። ያን ቀን ከብዙ ጊዜ በኋላ ቀለል ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድሁ። ማታ ሴትዮዋ ደወሉ።

«እንዴት ነው?» አሉ።

«በሴደር ነው» አልኋቸው፤ ያን ጊዜ አምኜ ነው ያልሁት።

ረቡዕ ስገባ ትልቁን ዓሣ ከዚያ ከሹሉ ድንጋይ ፊት ቆሞ አገኘሁት። ራሱን ወደ ላይ ቀና አድርጎ፣ አፉን ከፍቶ፣ ክንፎቹን ዘርግቶ፣ ጉንጩን ነፍቶ። አይንቀሳቀስም። የሞተ መስሎኝ መስታወቱን ነካሁት፤ ዓይኑ ዞረ። ከኋላው ሌሎች ሁለት ዓሦች እንደሱ አፋቸውን ከፍተው፣ ሐኪም ቤት ወረፋ እንደሚጠብቅ ሰው ተሰልፈዋል። ምግብ ስበትን ፈጠን ብለው በሉና ተመልሰው እዚያው ቆሙ። ነገሩ አልገባኝም። ዕረፍት አግኝቶ ነው ብዬ ራሴን አሳመንሁ። የባልዲውን ውሃ ግማሹን ቀየርሁላት፣ ምግብም ጣል አደረግሁላት። አልነካችውም።

ሐሙስ ግን የዓሣ ነገር የማያውቅ ሰውም ይገባዋል። ትልቁ ዓሣ ጎኑን በድንጋዩ ላይ ይፈገፍጋል። ይዋኝና ይመጣል፣ ይጋጭና ይፈገፍጋል። ቁስሉ ጥፍር ያህል የነበረው አሁን የሳንቲም ያህል ሆኗል። ያበላሁትን አልበላም፤ ምግቡ በአጠገቡ እያለፈ ታች ወረደ። ሲደክመው ሄዶ ከድንጋዩ ፊት ይቆምና አፉን ይከፍታል። ማንም አይመጣለትም።

ሴትዮዋ ደወሉ። «በላ?» አሉኝ።

«በላ። በሴደር ነው።»

ይህኛው ውሸት ነበር። ስልኩን ዘግቼ ብዙ ሰዓት ተቀመጥሁ። ትንሿን ልመልሳት አልሁ፤ ደግሞ በቆሰለ ገላ ላይ እንዴት አድርጌ እለቅቃታለሁ አልሁ። እያየሁት ሊሞት ነው፤ የምሠራውን ግን አላወቅሁም። እንደ አህያው ጊዜ ደግሞ ቁጭ ብዬ ማየት ሆነ።

ታላቅ እህቴ የምትኖረው ከኔታንያ ገበያ ብዙም ሳይርቅ ነው። በሱዳኑ መንገድ አብራኝ ነበረች። አርብ አርብ ጠዋት ለሰንበት ስትሸምት ዘንቢሏን እይዝላታለሁ። ያን አርብም ሄድሁ። የድንብላል ቅጠል የሚሸጠው ሰውዬ ዘንድ ቆመን እያለ አየችኝ።

«ምነው አንተ፣ ፊትህ የተጨመቀ ሎሚ መሰለ?»

«ምንም የለ እታለም። ዓሣ ታሞብኝ ነው።»

«ዓሣ ደግሞ ይታመማል እንዴ? እኔ የማውቀው ዓሣ ወይ ይዋኛል፣ ወይ ይጠበሳል።» ቅጠል ሻጩን ዘወር ብላ በዕብራይስጥ፣ «ሰማህ? ወንድሜ ዓሣ ታሞበታል!» አለችው። ሰውዬው ሣቀ። እኔ አልሣቅሁም። ያን ጊዜ ክንዴን ይዛ ወደ ዳር ወሰደችኝና አግዳሚ ላይ አስቀመጠችኝ። «በል ንገረኝ» አለች።

ሁሉንም ነገርኋት። ቁስሉን፣ ትንሿን፣ ባልዲውን፣ አፉን ከፍቶ መቆሙን፣ ለሴትዮዋ ያልሁትንም። እስክጨርስ አላቋረጠችኝም፤ እሷ እንደዚያ አይደለችም፣ ሰው አታስጨርስም።

«እና አሁን አፉን ከፍቶ የሚጠብቀው ማንን ነው?» አለች።

«እኔ ምን አውቄ።»

«አህያው ወፏን ቆሞ ጠብቋት ያውቃል?»

ዓይኔን ወደ ቅጠል ሻጩ መለስሁ።

«እኮ መልስልኛ! አህያው ሲያያት ይራገጥ ነበር። ይሄኛው አፉን ከፍቶ 'ነይ' ነው የሚላት። ያቺ ልጅ እኮ የምታጸዳው ኖሯል። አይ አንተ! ኒካዮን ሆነህ የሥራ ባልደረባህን ነው ያባረርኸው!»

ሣቀች፤ እኔም ሳልፈልግ ትንሽ ሣቅሁ። ከዚያ ዘንቢሉን ከጭኗ አወረደችና መሬት ላይ አስቀመጠችው።

«ስማኝ ወንድሜ። ያቺን ወፍ እስከ መቼ ነው የምትከሳት? ገጣባውን ያመጣችው እሷ አይደለችም። ጭነቱ ነው።»

«አውቃለሁ» አልሁ። ይህን ቃል ከአፌ ሲወጣ የሰማሁት ያን ቀን ነው። በመንገድ በሁለተኛው ቀን፣ ጭነቱን ሳወርድ የአህያው ጀርባ ተልጦ አይቻለሁ። ለማንም አልተናገርሁም። ከጋቢዬ ቀድጄ ሸፈንሁበትና መልሼ ጫንሁት። እናቴ ብታየው አልቀመጥበትም ትላለች፤ እግሯ ደግሞ አይሄድላትም። እንዳታይ ብዬ ነው የሸፈንሁት።

«ጨርቁን ያደረግሁት እኔ ነኝ» አልኋት።

«አንተ እንደሆንህ አውቃለሁ። እናታችንም ታውቅ ነበር።»

«ምን?»

«አንተ ቀን ስትተኛ ጨርቁን እያነሣች ቅቤ ትቀባው ነበር። 'ወንድምሽ እንዳይሰማ፤ ካወቀ በእግሯ ልትሄድ ነው ብሎ ይጨነቃል' አለችኝ። አስማለችኝ።»

ገበያው በሰው ተሞልቷል። አንዱ ቲማቲም እያለ ይጮኻል፣ ሴቶች በጋሪያቸው እግራችንን እየነኩ ያልፋሉ። እኔ ግን የእናቴ እጅ ቅቤ ይዞ ታየኝ።

«ለምን እስከ ዛሬ ደበቅሽኝ?»

«ምያለሁ ብዬሃለሁ። እውነቱን ከፈለግህ ደግሞ አዝንብህ ነበር። ዛሬ የነገርሁህ ለሴትዮዋ 'በሴደር' ብለህ ስለዋሸህ ነው። እናታችንና አንተ ገጣባውን እየተደባበቃችሁ ነው አህያው ያለቀው። ብትነጋገሩ ኖሮ ዱቄቱን እኔና አንተ በጀርባችን እንይዘው ነበር። እሷም ቀስ እያለች ጥቂት ጥቂት ትራመድ ነበር። ማን ያውቃል፣ እንደዚያም አድርገን ላይሳካልን ይችል ነበር። ግን ተነጋግረን አልሞከርነውም። አሁን ተነሥ።»

ከገበያው ጀርባ የወፍ ጥሬ፣ የውሻ ምግብና ዓሣ የሚሸጥ ሰው ሱቅ አለ። የሴትዮዋን የዓሣ ምግብ የምገዛውም ከዚያ ነው። ሰውዬው ከሩስያ የመጣ ነው፤ ዕብራይስጡን ቶሎ ቶሎ ስለሚናገር እኔ ግማሹ ያመልጠኛል። እህቴ ቀረበችና በጣቷ መጠኗን እያሳየች፣ በጎኗ ጥቁር መስመር እየሳለች ነገረችው። ሰውዬው ገና ሳትጨርስ እጁን ራሱ ላይ አደረገ።

«ያቺ ሐኪማቸው ናት! በገላቸው ላይ የሚጣበቀውን ተባይ ትበላለች፣ የሞተውን ሥጋ ከቁስላቸው ላይ ትለቅማለች። ዓሦቹ ራሳቸው ናቸው ወደ እሷ የሚመጡት።»

«ሲበረግግ አይቻለሁ» አልሁ።

«አልፎ አልፎ ደህናውን ቆዳ ትነክሳለች፤ ይጣፍጣታል። ይበረግጋል፣ ከዚያ ተመልሶ ይመጣላታል። ስንት ቀን ሆናት ባልዲ ውስጥ?»

«ከማክሰኞ ጀምሮ።»

ፊቱን አዞረ። «ካለች አሁኑኑ መልሳት» አለኝ። «ብዙ ተስፋ ግን አልሰጥህም።»

አርብ ነው። ማታ ሰንበት ሳይገባ አውቶቡሱ ይቆማል። ድንብላሉን፣ ሽንኩርቱን፣ ዶሮውን እንደያዝን ተሳፈርን። እህቴ መንገዱን ሙሉ ሰዓቷን ታያለች።

ሳህኑን ሳነሣ ትንሿ ከባልዲው ጥግ ጎኗን ሰጥታ ነበር። ጉንጯ ብቻ ይከፈታል ይዘጋል። ሰማያዊው ቀለሟ አመድ መስሏል። ባልዲውን ተሸክሜ ወደ ገንዳው ሄድሁ፤ እህቴ በሌላው ጎን ያዘችልኝ። ቀስ አድርገን ለቀቅናት። ታች ወርዳ ከድንጋዩ ሥር ገባች። ትልቁ ዓሣ ወዲያው መጣ። ከፊቷ ቆመ፣ አፉን ከፈተ፣ ክንፉን ዘረጋ። አልወጣችም። እኛም ቆመን ጠበቅን፣ እሱም ቆሞ ጠበቀ። አልወጣችም።

ስልኬ ጮኸ። ሴትዮዋ ናቸው፤ ሰንበት ሳይገባ ሰላም ሊሉኝ ነው።

«ንገራቸው» አለች እህቴ በአማርኛ።

«ጌታዬ፣ እንዴት ብዬ…»

«ንገራቸው ብዬሃለሁ።»

ነገርኋቸው። ትልቁ ታሟል፣ ሐሙስ አልበላም፣ በላ ያልሁዎት ውሸት ነው፤ ትንሿን ያወጣኋት እኔ ነኝ አልሁ። ወፏን ላስረዳቸው ሞከርሁ፤ ዕብራይስጤ አልደረሰልኝም። አህያ፣ ወፍ፣ ቁስል እያልሁ ተንተባተብሁ።  ከሩቅ የሕፃን ለቅሶ ይሰማኛል።

«ማን ንካ አለህ?» አሉ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው። «አብላ ነው ያልሁህ። ማን ንካ አለህ?»

 ስልኩ ተዘጋ።

«ተቆጡ?» አለች እህቴ።

«አዎ።»

«ይቆጡ። መብታቸው ነው። አሁን ግን ጭነቱን ብቻህን አልያዝኸውም። ና፣ አውቶቡሱ እንዳያመልጠን።»

ያ ሰንበት ረዘመብኝ። እኔ ሰንበትን እንደ አባቶቼ ነው የምይዘው፤ አልሳፈርም፣ ስልክ አልነካም፤ በእግር ቢሄዱት ደግሞ ቦታው ሩቅ ነው። ዓሣው ይኑር ይሙት ማወቅ አልችልም። ጸሎት ቤት ቆሜ ለዓሣ ይጸለይ እንደሆነ ቄሱን ልጠይቅ አሰብሁና አፈርሁ። ከጸሎት በኋላ እህቴ በእግሯ መጥታ ቤቴ ዋለች። ብዙ አልተናገረችም። እናታችን በዚያ መንገድ ያለችውን፣ እኔ ተኝቼ ያልሰማሁትን፣ አንድ አንዱን እያነሣች ነገረችኝ። እናታችን የዱር ፍሬ አግኝታ ለእኔ እንደደበቀችልኝ፣ በሦስተኛው ቀን ስለ እግሯ እንደቀለደች። መሳቅም ማልቀስም እያሰኘኝ ሰማሁ።

እሑድ ጠዋት የመጀመሪያውን አውቶቡስ ልይዝ ወጣሁ። ነይ አላልኋትም። ፌርማታው ላይ ቆማ አገኘኋት።

በሩን ከፍቼ ስገባ ዓይኔን ወለሉ ላይ ጣልሁ። ወደ ገንዳው ለማየት አልደፈርሁም። እሷ ቀደመችኝ። ትንሽ ቆየችና «ና» አለች።

ትልቁ አለ። ከድንጋዩ ፊት፣ ክንፉ ተሰብስቦ፣ ዝቅ ብሎ ቆሟል፤ ግን አለ። ትንሿ ከሥሩ አሸዋው ላይ ጎኗን ሰጥታለች። በመረቡ አወጣኋት። መዳፌ ላይ ምንም አትመዝንም። ማክሰኞ ወደዚህ እጅ ስትመጣ ፈርታ አልነበረም። ይህ ነገር እስከ ዛሬ ልቤ ውስጥ አለ፤ ማንም አላወጣልኝም፣ እኔም እንዲወጣ አልጠይቅም። በረንዳው ላይ ካለው ትልቁ የተክል ማሰሮ አፈር ውስጥ ቀበርኋት። እህቴ አልቀለደችም።

በዚያው ቀን ወደ ሱቁ ተመለስን። ሰውዬው እንደዚያች ያለች ሌላ ትንሽ ዓሣ ነበረችው። እኔን አላመነኝም መሰለኝ፣ ራሱ መኪናውን አስነሥቶ አብሮን መጣ። የሱን ውሃና የገንዳውን ውሃ ጠብ ጠብ እያደረገ አንድ ሰዓት ሙሉ አቀላቀለው፤ ከዚያ ለቀቃት። አዲሲቱ ድንጋዩን ዞረች፣ ጥጉን ሁሉ አየች። ትልቁ ሸሸ። ሊቀበላት አይደለም ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበር። ወደ ቀትር ግን ቀርቦ አፉን ከፈተ።

በየቀኑ ለሴትዮዋ እደውል ነበር፤ እሳቸው አልደወሉም። ዛሬ በላ፣ ዛሬ አልበላም፣ ቁስሉ ዛሬ ይህን ያህላል እያልሁ እንዳለ ነገርኋቸው። «ሰማሁ» ብቻ ይሉኛል።

የመጡ ዕለት ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ወደ ገንዳው ሄዱ። ቁስሉ ተዘግቶ ነጭ ጠባሳ ሆኗል። ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ፣

«ትንሿ ሌላ ናት» አሉ።

«አዎ። ያቺ ሞታለች። የገደልኋት እኔ ነኝ።»

ቁጭ አሉ። እንድቀመጥም አሳዩኝ። ያን ወፍ የምትለው ምንድን ነው አሉኝ፤ እኔም ቃል እየፈለግሁ፣ የጎደለኝን በእጄ እያሳየሁ፣ እስከ እናቴ ድረስ ነገርኋቸው። ይቅር ብዬሃለሁ አላሉም። እንደ ወትሮህ ና አሉኝ። ጉልበቴ እስኪያስቀረኝ ድረስም ሄድሁ። ግን ከዚያ ወዲህ ለጉዞ ሲወጡ ቁልፉን ለጎረቤታቸው ነው የሚሰጡት። አልተቀየምኋቸውም። እኔም በእሳቸው ቦታ ብሆን እንደዚያው አደርግ ነበር ይመስለኛል።

ልጆቼ ይህን አያውቁም። በዚያ ሰሞን አባታችን ዝም ብሎ ከረመ፣ ከዚያ ደግሞ ስለ አያታችን የማናውቀውን ማውራት ጀመረ፣ ምን አገኘው ይላሉ። አንዱ ቄሱ መክረውት ነው ይላል፣ ሌላዋ መድኃኒት ተቀይሮለት ነው ትላለች። ሁለቱም አይደለም። ባልዲውን በሌላው ጎን ይዛ፣ ንገራቸው ብላ ያስነገረችኝ፣ ከዚያ ሁሉ ያወጣችኝ ታላቅ እህቴ ናት።